ከዋት ቁጥር ባሻገር፦ ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ባለ 5.1 የኮምፒውተር ድምፅ ማጉያ አገማገም

ለኮምፒውተር ተብለው ከሚሸጡ ባለ 5.1 የድምፅ ማጉያዎች መካከል ዝቅተኛውን የዋጋ እርከን የያዙት አብዛኛውን ጊዜ በካርቶናቸው ላይ በጉልህ የሚያስነብቡት የዋት ቁጥርን ነው። ገዥው ከዚህ ቁጥር ይነሣል፤ ገምጋሚውም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው መከራከሪያ ግን የዚህ እርከን ዕቃዎች ጉድለት ከኃይል ማነስ እምብዛም እንደማይመነጭ፣ ይልቁንም ሲግናሉ ከኮምፒውተሩ በሚወጣበት መንገድ፣ በትንንሾቹ ስፒከሮችና በሰብዉፈሩ መካከል ባለው የሥራ ክፍፍል እንዲሁም በክፍሉ አቀማመጥ ላይ መፈለግ እንዳለበት የሚያሳይ ነው። ነገሩ የገንዘብ ጥያቄም አለበት። ለቋንቋ ቤተ ሙከራ፣ ለፊልም ማስተማሪያ ክፍል ወይም ለአንድ ተማሪ የጥናት ጠረጴዛ የተመደበ ውሱን በጀት ስድስት ደካማ ስፒከሮችን ወይም ሁለት የተሻሉ ስፒከሮችን ሊገዛ ይችላል፤ ሁለቱን በአንድነት ግን አይገዛም።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

ለማሳያነት በብዛት የሚታወቀውን የሎጂቴክ ዜድ 506ን መውሰድ ይቻላል። አምራቹ የሚገልጸው አማካይ ኃይል በድምሩ 75 ዋት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 27ቱ የሰብዉፈሩ፣ 16ቱ የመካከለኛው ስፒከር፣ ቀሪው ለአራቱ ትንንሽ ስፒከሮች 8 ዋት እየደረሰ የተከፋፈለ ነው። ይኸው ዕቃ በቅጽበታዊ ከፍተኛ ኃይል ሲለካ 150 ዋት ተብሎ ይጠራል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው እጥፍ ልዩነት በዴሲቤል ሲተረጎም 3 ብቻ ነው፤ የሰው ጆሮ አንድን ድምፅ እጥፍ ጎላ ብሎ እንዲሰማው ደግሞ በግርድፉ 10 ዴሲቤል ጭማሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ካርቶን 75፣ ሌላው 150 ቢል የተለያየ የአለካክ ዘዴ መጠቀማቸውን እንጂ አንዱ ከሌላው መብለጡን አያስረዳም።

8 ዋትስ ያንሳል? አንድ ትንሽ ስፒከር በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት 84 ዴሲቤል ያወጣል ተብሎ ቢታሰብ፣ በ8 ዋት 93 ዴሲቤል ይደርሳል። አድማጩ ከጠረጴዛው 70 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ 3 ዴሲቤል ገደማ ይጨመርለታል። የተለመደ የሁለት ሰዎች ጭውውት በ1 ሜትር ርቀት 60 ዴሲቤል ያህል መሆኑ ሲታሰብ፣ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ሰው የኃይል እጥረት አለ ማለት ያስቸግራል።

እጥረቱ ያለው በሚገፋው አየር መጠን ነው። አንድ የስፒከር ሸራ ያንኑ የድምፅ ግፊት ጠብቆ ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር ወደፊትና ወደኋላ የሚያደርገው እንቅስቃሴ አራት እጥፍ መሆን አለበት። የመዳፍ ግማሽ የማታክል ሸራ በ100 ኸርዝ አካባቢ ይህን አትችለውም። በቤት ውስጥ የፊልም ድምፅ ሥርዓቶች በልማድ ሰብዉፈሩ ሥራውን የሚረከበው በ80 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት እዚያ ላይ 4.3 ሜትር ስለሚሆን ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል። የትንንሾቹ ስፒከሮች አቅም ሲያንስ ግን ሰብዉፈሩ እስከ 150 ወይም 200 ኸርዝ ድረስ ወጥቶ ክፍተቱን ለመሙላት ይገደዳል። በ200 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 1.7 ሜትር ነው፤ በዚህ ጊዜ ምንጩ ይታወቃል። የወንድ የንግግር ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ ከ100 እስከ 150 ኸርዝ አካባቢ የሚውል በመሆኑ ውጤቱን መገመት አያዳግትም፦ የዜና አንባቢው ከንፈር ከፊት ሲንቀሳቀስ የድምፁ ደረት ከጠረጴዛ ሥር ካለው ሣጥን ይወጣል። አምራቾች በዝርዝር መግለጫቸው «ከ45 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ» ብለው ሲጽፉ የመዛባቱን ወሰን በዴሲቤል ካላያያዙት፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ጉድጓድ ይህ አኃዝ አያሳይም። ገምጋሚው ከ60 እስከ 300 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ አጫውቶ የት ላይ እንደሚሰጥምና የት ላይ እንደሚያብጥ ቢያዳምጥ ከማንኛውም ካርቶን የበለጠ ይማራል።

እዚህ ላይ በደጋ አገር የሚሠራ ገምጋሚ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። የድምፅ ፍጥነት በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ ስለማይወሰን በአዲስ አበባም በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ነው። የአየሩ እፍጋት ግን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 78 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሸራው በእኩል መጠን ቢንቀሳቀስ የሚፈጥረው የድምፅ ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ይህም 2 ዴሲቤል ያህል ማለት ነው። ከባሕር ጠረፍ ከተማ የተገኘ የልኬት ውጤት እዚህ ላይ በትክክል ባይደገም መሣሪያውን ለመውቀስ መቸኮል አይገባም።

ስድስቱ ቻናሎች የት ይጠፋሉ?

ባለ 5.1 የሚለው ስያሜ አምስት ሙሉ ቻናሎችንና ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ብቻ የተመደበ አንድ ቻናልን ያመለክታል። ይህ አደረጃጀት በዶልቢ ዲጂታል አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1992 ከ«ባትማን ሪተርንስ» ፊልም ጋር ወደ ሲኒማ አዳራሾች የገባ ነው። በዝቅተኛው የዋጋ እርከን የሚገኙ የኮምፒውተር ድምፅ ማጉያዎች ብዙዎቹ በውስጣቸው የዶልቢን ሲግናል የሚፈታ ክፍል የላቸውም። ስለሆነም ስድስቱን ቻናሎች የሚቀበሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ገመዶች ነው፦ አንዱ ለፊት ግራና ቀኝ፣ አንዱ ለኋላዎቹ፣ አንዱ ለመካከለኛውና ለሰብዉፈሩ።

የዘመኑ ላፕቶፕ ግን በአብዛኛው ያለው አንድ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው። ገመዱ እዚያ ሲሰካ ሁለት ቻናል ብቻ ይተላለፋል፤ መሣሪያው ያንኑ ለኋላዎቹም ያካፍላል፤ ስድስቱም ስፒከሮች ስለሚጮኹ ተጠቃሚው የከባቢ ድምፅ ያገኘ ይመስለዋል። ዜድ 506 ራሱ ሁለት ቻናልን ወደ ስድስቱ ስፒከሮች የሚያሰራጭ አሠራር አለው። አሠራሩ ለሙዚቃ የሚወደድ ሊሆን ይችላል፤ ከፊልሙ ቀራጭ ዓላማ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። እዚህ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ስለ ስፒከሮቹ ሳይሆን ስለ ገመዱ የተሰጠ ነው። ባለ ስድስት ቻናል የዩ.ኤስ.ቢ. የድምፅ ካርድ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር ተደምሮ መቆጠር ያለበትም ለዚህ ነው። በብርሃን ገመድ የሚሠራው የኤስ/ፒዲአይኤፍ ማገናኛ ደግሞ ያልታመቀ ሲግናል ሁለት ቻናል ብቻ ስለሚያሳልፍ ፈቺ ለሌለው መሣሪያ መፍትሔ አይሆንም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከኮምፒውተሩ የድምፅ ቅንብር በየቻናሉ የሙከራ ድምፅ ሲላክ ከታሰበው ስፒከር ብቻ መውጣት አለበት። በዚህ ሂደት በተደጋጋሚ የሚያጋጥም አንድ ስሕተት አለ፦ መካከለኛውና ሰብዉፈሩ አንድ ገመድ ስለሚጋሩ በድምፅ ካርዱና በመሣሪያው መካከል ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ የተዋንያኑ ንግግር ወደ ሰብዉፈሩ ሄዶ ታፍኖ ይቀራል፣ ፍንዳታው ደግሞ በትንሿ መካከለኛ ስፒከር ይንጫጫል። ብዙ የድምፅ ካርድ ሶፍትዌሮች ሁለቱን የማቀያየሪያ ምርጫ አላቸው። ይህን ሳያዩ «ንግግሩ አይሰማም» ብሎ ዕቃውን መጣል ፍትሐዊ አይደለም።

ከአሜሪካ በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣ መሣሪያ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ በጀርባው ያለው የቮልቴጅ ጽሑፍ መነበብ አለበት፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ላይ ግምገማው ሳይጀመር ያበቃል።

የክፍሉ ድርሻ

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢኤስ.775 በተባለው ምክረ ሐሳቡ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ስፒከሮች ከመሐል መስመር በ30 ዲግሪ፣ የኋላዎቹን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፣ ሁሉንም ከአድማጩ በእኩል ርቀት እንዲቀመጡ ያዛል። ልብ ሊባል የሚገባው የኋላዎቹ የሚባሉት በእርግጥ ከጆሮ ጎን ጥቂት ወደኋላ ያሉ መሆናቸው ነው። በመኝታ ክፍልም ሆነ በዶርም ጠረጴዛው ግድግዳ ተደግፎ፣ ከወንበሩ ጀርባ አልጋ ሆኖ፣ ገመዱ አጭር ሲሆን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። የፊቶቹ በ70 ሳንቲ ሜትር፣ የኋላዎቹ በ150 ሳንቲ ሜትር ቢቀመጡ የኋላው ድምፅ 2.3 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ መጠኑም 6.6 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። ይህ የሚስተካከል ነው፤ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በዊንዶውስ ላይ ለየቻናሉ መዘግየትና መጠን ለመወሰን ያስችላል።

ተቃራኒው ሁኔታ የከፋ ነው። የኋላዎቹ ወንበር መደገፊያ አጠገብ በ40 ሳንቲ ሜትር ሲቀመጡ ድምፃቸው ከፊቶቹ አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይደርሳል። ሄልሙት ሐስ እ.ኤ.አ. በ1951 በታተመው ጥናቱ እንዳሳየው አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት አቅጣጫ ሲመጣ ጆሮ ምንጩን ቀድሞ ከደረሰው ጋር ያያይዛል፤ የዘገየው ጎላ ያለ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ ከላይ በተጠቀሰው ሁለት ቻናልን ለስድስት በሚያካፍለው አሠራር ተናጋሪው ሁሉ ከአድማጩ ትከሻ ኋላ ይቆማል።

ሰብዉፈሩን በተመለከተ ክፍሉ ከዕቃው የበለጠ ይናገራል። 4 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል የመጀመሪያዎቹ የክፍሉ ማስተጋቢያ ድግግሞሾች 43 እና 57 ኸርዝ አካባቢ ናቸው። ርካሽ ሰብዉፈር አቅሙ የሚያልቀው እዚሁ ወሰን ላይ በመሆኑ፣ ሣጥኑን ከአንድ ማዕዘን ወደ ግድግዳው መሐል ማዛወር ሌላ መሣሪያ የመግዛት ያህል ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ቀላሉ ዘዴ ሰብዉፈሩን በአድማጩ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ባስ ያለው ሙዚቃ እያጫወቱ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዝቅ ብሎ መዞር ነው፤ ድምፁ ወጥ ሆኖ የተሰማበት ቦታ የሣጥኑ ቦታ ይሆናል። ትዕይንቱ ለተመልካች ያስቃል፣ መርሁ ግን የታወቀ ነው፦ ምንጭና ተቀባይ ቦታ ቢለዋወጡ በመካከላቸው ያለው የድምፅ መተላለፍ አይለወጥም።

ጆሮን በዘዴ መጠየቅ

ልኬት ብቻውን አይበቃም። የኅብረቱ ቢኤስ.1534 ምክረ ሐሳብ፣ በምህጻረ ስሙ አማርኛ ተናጋሪን ፈገግ የሚያሰኘው «ሙሽራ»፣ አድማጮች የተሰወረ ማጣቀሻና ሆን ተብሎ የተበላሸ ናሙና ተቀላቅሎላቸው ከ0 እስከ 100 ነጥብ እንዲሰጡ ያደርጋል። ዘዴው የተነደፈው ለድምፅ አስተላላፊና አማቂ ሥርዓቶች ስለሆነ ስፒከሮችን ለማወዳደር እንዳለ አይወሰድም፤ መንፈሱ ግን ይወሰዳል። አድማጩ የትኛውን ዕቃ እንደሚሰማ ማወቅ የለበትም፤ ስስ ጨርቅ መጋረጃ ይበቃል። የሁለቱ መጠን በግማሽ ዴሲቤል ልዩነት ውስጥ መመጣጠን አለበት፤ ጥቂት ጎላ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ለዚህ ማመጣጠን የስልክ መለኪያ ሶፍትዌር ያገለግላል፤ ለሰብዉፈር ልኬት ግን የስልክ ማይክሮፎን አይታመንም።

በአገር ውስጥ የሚካሄድ ግምገማ ከውጭ የተቀዳ ፊልም ብቻ መጠቀም አይገባውም። የመካከለኛው ቻናል ዋና ተግባር ንግግርን ማስተላለፍ ከሆነ፣ ፈተናው በአድማጩ ቋንቋ ሊሆን ይገባል። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው። «መጣ» እና «መታ»፣ «ቀበረ» እና «ከበረ» የሚለያዩት በአንድ ፈንጂ ተነባቢ አጭር ፍንጣቂ ነው፤ «ሰማ» እና «ሸማ» ደግሞ በከፍተኛ ድግግሞሽ ላይ ባለው የፉጨት ስርጭት ነው። እነዚህን ቃላት በመካከለኛው ቻናል፣ የመንገድ ወይም የገበያ ጫጫታን በቀሩት አራት ስፒከሮች አድርጎ አድማጩ የሰማውን እንዲመርጥ መጠየቅ፣ ከዚያም ሁሉንም ወደ ሁለት ቻናል አውርዶ በሁለት ስፒከሮች ያንኑ መድገም ይቻላል። በኅብረቱ ምክረ ሐሳብ መሠረት መካከለኛው ሲወርድ 3 ዴሲቤል ተቀንሶ ለግራና ለቀኝ ይታከላል።

በሁለት አማራጭ ፈተና በግምት ብቻ የመመለስ ዕድል ግማሽ ስለሆነ ነጥቡ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከ20 ጥያቄ 15ቱንና ከዚያ በላይ በግምት ብቻ የመመለስ ዕድል 2 በመቶ ገደማ ነው፤ 12 ወይም 13 ማግኘት ግን ምንም አያረጋግጥም። ባለ 5.1ው ስብስብ ርካሽ በሆኑት በእነዚህ ስፒከሮች እንኳ ንግግሩን ከጫጫታው በተሻለ ለይቶ ካሰማ፣ ስድስቱ ስፒከሮች ዋጋቸውን አግኝተዋል ማለት ይቻላል። ካልሆነ፣ በተለይም ከወንበሩ ኋላ ቦታ በሌለበት ክፍል፣ የኋላዎቹን ሁለት ነቅሎ ፈተናውን እንደገና ማካሄድና ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ማየት ቀጣዩ ሥራ ነው፤ ባይለወጥ በዚያው ዋጋ የሚገኙት ሁለት የተሻሉ ስፒከሮች በዚሁ መጋረጃ ጀርባ ተራቸውን ይጠብቃሉ።