ተከታታይ ገዳይ ይወለዳል ወይስ በአስተዳደግ ይመጣል?

በክፍላችን ይህ ጥያቄ ከተነሳ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። ለኔ ግን "ወይስ" የምትለው ቃል ራሷ ነች ያሳሳተችን።

አሜሪካዊው የነርቭ ተመራማሪ ጄምስ ፋሎን የነፍሰ ገዳዮችን የአንጎል ምስል ሲያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከቤተሰቡ ምስሎች አንዱ ቁርጥ የገዳዮቹን መሰለበት። ቢያጣራ የራሱ ሆኖ አረፈው! ሰውየው ግን ማንንም አልገደለም፤ ያዳነኝ የወላጆቼ ፍቅር ነው ይል ነበር።

የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም ለሚል፣ ካስፒና ባልደረቦቹ በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ የተወለዱ ወንዶችን ከሕፃንነት ጀምሮ ተከታትለው በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። ኤምኤኦኤ የተባለው ጂን በደካማው ዓይነት የደረሳቸውና በልጅነታቸው የተበደሉት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከኃይል ወንጀል ፍርዶች ግን 44 በመቶው የእነሱ ሆነ። ያው ጂን ኖሯቸው ያልተበደሉት ከሌላው አልባሱም። እርግጥ እነዚህ ተከታታይ ገዳዮች አይደሉም፤ እንደዚያ ያሉት በቁጥር ስለሚያንሱ እንዲህ ከልጅነት ተከታትሎ ማጥናት አይቻልም።