ፊልም ማየትን ስለ መማር

ብዙ ሰው ሲኒማን የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የፊልም ታሪክ የሚማር ተማሪ ሲያጋጥመውም «ደግሞ ይህ ትምህርት ነው?» ብሎ ይስቃል። እኔም በዚህ አልፈርድም። እውነቱን ለመናገር ኮርሱን የተመዘገብሁት ቀላል ነው ተብሎ ስለ ተነገረኝ ነው። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ግን ለጓደኞቼ ሳላካፍል ብቀር ደግ መስሎ አልታየኝም።

የተወለድሁት ካራቆሬ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ከተማችንን ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በመኪና መስኮት ነው። ሲኒማ ቤት አልነበረንም። በልጅነቴ ሲኒማችን ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችና አንድ ቴሌቪዥን ያሉበት ቪዲዮ ቤት ነበር። ሕንዱም ቻይናውም አሜሪካዊውም በዚያ ሣጥን ውስጥ ተራ በተራ ይደባደብ ነበር። መብራት ሲጠፋ ባለቤቱ ገንዘብ አይመልስም፤ እኛም ፊልሙ ከቆመበት ቦታ ተነሥተን መጨረሻውን ራሳችን እየፈጠርን ስንከራከር እናመሻለን። (አንዳንዶቹን ፊልሞች ከብዙ ዓመት በኋላ እስከ መጨረሻው ሳያቸው የእኛ መጨረሻ ይሻል ነበር።) ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት እምነት አንድ ነው፤ ይኸውም ጥሩ ፊልም ማለት ፈጣን ፊልም ነው የሚል ነው።

በዩኒቨርሲቲ ያገኘሁት የፊልም ታሪክ በመጀመሪያ የስምና የዘመን ዝርዝር ነበር። ሉሚዬር የተባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳዩ ተብለን ጻፍን። በቀን አቆጣጠራችን ባሰላው ዕለቱ ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነና ደነቀኝ፤ የገብርኤል በዓል ነው። ከዚያ ዕለት በ64ኛው ቀን የካቲት 23 የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ሲኒማና ዐድዋ የሁለት ወር እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ይህን በደብተሬ ኅዳግ ላይ ጽፌ አስቀመጥሁት፤ በፈተና ላይ አልመጣም።

በፈተናው ጥሩ ነጥብ አገኘሁ። ሜልየስ ወደ ጨረቃ የሚደረገውን ጉዞ በ1902፣ አይዘንሽታይን የጦር መርከብ ፖተምኪንን በ1925፣ ዴ ሲካ የብስክሌት ሌቦችን በ1948 እንዳወጡ ሳልሳሳት ጽፌ ነበር። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልስልኝ ግን «ከእነዚህ ውስጥ ያየኸው የቱን ነው? ምንስ አየህ?» አለኝ። ሁለቱን አይቻቸው ነበር። ያየሁትን ልነግረው ስጀምር ከአፌ የወጣው ታሪኩ ብቻ ሆነ፤ አንድ ሰው ብስክሌቱ ተሰረቀበት፣ ከልጁ ጋር ፈለገ፣ አላገኘም። «ይህንስ ያላየ ሰውም ሰምቶ ሊነግረኝ ይችላል» አለኝ። አፈርሁ፤ ነገሩ እውነት ነበርና።

እንዴት እንደሚታይ የገባኝ ከክፍል ይልቅ በአያቴ ነው። አያቴ የግንቦት 1953 ዓ.ም.ን የመሬት መንቀጥቀጥ ያዩ ሰው ናቸው። ያ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳ፣ እስከ ዛሬም በምሁራን ጽሑፍ በከተማችን ስም የሚጠራ ነው። አያቴ ይህን ሲተርኩ ግን ከመንቀጥቀጡ አይጀምሩም። መጀመሪያ ላሟ ሣር አልነካም እንዳለች ይናገራሉ። ቀጥለው ዝም ብለው ይቆዩና በሌሊት ማንም ሳይነካው የተከፈተውን በር ያመጣሉ። ከዚያ አቧራውን። ከዚያ እናታቸው በጨለማ ስማቸውን ሲጠሩ። «ፈራን» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ የሚፈራው ሰሚው ነው።

ኩሌሾቭ የተባለው ሩሲያዊ ከአብዮታቸው በኋላ በነበሩት ዓመታት አደረገው የሚባለውን ሙከራ በተማርሁ ጊዜ ወዲያው የታወሱኝ አያቴ ናቸው። የአንድ ተዋናይ ፊት ይታያል፤ ቀጥሎ የሾርባ ሳሕን። ያው ፊት እንደገና ይታያል፤ ቀጥሎ በሬሳ ሣጥን ውስጥ ያለ ሕፃን። ፊቱ አንድ ነው፤ ተመልካቹ ግን አንዴ ረኀብን አንዴ ኀዘንን ያነባል። ትርጉሙ ያለው በአንዱ ሥዕል ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ነው። አያቴም ላሟንና በሩን አጠገብ ላጠገብ ሲያስቀምጡ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እንግዲህ የፊልም ቅንብር ከውጭ የመጣ ምሥጢር ብቻ አይደለም፤ ተረት ሲነገር ሰምቶ ያደገ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ያላወቀው ማወቁን ነው።

ሁለተኛው ነገር የካሜራው ቦታ ነው። በእኛ አገር ቆላ ማሽላ ሲደርስ ልጅ ሁሉ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። ከማማ ላይ ሆኖ ሲያዩት ማሳው ሁሉ የአንተ ይመስላል፤ በአገዳው መካከል የሚሄድ ሰው ከራሱ በቀር አይታይም። ወርደህ ማሽላው ውስጥ ስትገባ ደግሞ ከሦስት ክንድ በላይ አታይም፤ የምትሰማው ይበዛል። ማሳው አንድ ነው። ነገር ግን ከላይ ያየው ጌታው ነው፣ ከውስጥ ያየው ሌባው ወይም አራሙ ነው። ፊልም ሠሪም ካሜራውን ባቆመ ቁጥር ከእነዚህ አንዱን እየመረጠ ነው፤ ተመልካች ይህን ካልጠየቀ ሳያውቀው ማማው ላይ ይወጣል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን የሥነ ጥበብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ከመድፉ ጋር ካሜራም ይዛ ነው የመጣችው። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው «ሉቼ» የተባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅት ሠራተኞቹን ከጦሩ ጋር ልኮ ዘመቻውን አስቀርጿል። በእነዚያ ፊልሞች የወታደር ሰልፍ፣ ድልድይ፣ መንገድ ሥራ ይታያል። የመርዝ ጋዙ አይታይም። እኔ ወደ ቤተ ሰቤ ስሄድ የማልፍበት የጣርማ በር ዋሻ ኢጣሊያኖች በዚያ ዘመን የሠሩት ነው፤ በገባሁበት ቁጥር ካሜራው መንገዱን እያነሣ ፊቱን ያዞረበት ነገር ምን ይሆን እላለሁ። ስለዚያ ዘመን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ካለን መረጃ ብዙው ጠላት በመረጠው ቦታ ቆሞ ያነሣው መሆኑን ሳያስታውሱ እነዚያን ፊልሞች «ማስረጃ» ብሎ መመልከት ትልቅ ስሕተት ነው።

ስለ ራሳችን ሲኒማ ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ሰይጣን ቤት» ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው በሸራ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጥላ አይቶ ለአዳራሹ ያወጣው ስም ስለሆነ ሁሉም እየሳቀ ይጠቅሰዋል። ስሙ ያስቃል፤ ነገር ግን ያ ሕዝብ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ተመልካች አልነበረም ማለት አልችልም። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው»፣ በ1966 ዓ.ም. «ጉማ» ተሠሩ። የሁለቱን ስም ከጓደኞቼ መካከል ያልሰማ የለም፤ አየሁ የሚል ግን አላገኘሁም። የኦዴሳን ደረጃዎች በስልካችን እናያለን፤ የራሳችንን በስም እናጠናለን።

ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ፤ አባቱ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ ገሪማ ታፈረ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ቲያትር ሊማር ወደ ቺካጎ ሄደ፤ በኋላም በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። ገና ተማሪ ሳለ በ1966 ዓ.ም. አገሩ ተመልሶ፣ ዘውዱ ሊወድቅ እየተንገዳገደ በነበረበት ጊዜ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ቀረጸ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የተሸለመው «ጤዛ» ስሙን ይበልጥ አስጠርቶታል፤ እኔ ግን ከሁለቱ የፊተኛውን አስበልጣለሁ።

መጀመሪያ ሳየው ግን አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ተውሁት። ንጋት ነው፤ ቤተ ሰቡ ይነሣል፤ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ያርሳል። ምንም አልሆነም! የቪዲዮ ቤቱ ልጅ በውስጤ ሆኖ «ዝለለው» ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ድምፁን አጥፍቼ አየሁት፤ ይህን ዘዴ ለማንም እመክራለሁ፤ ድምፅ ሲጠፋ ዓይን ሥራ አያጣም። ያን ጊዜ የአራሹ ቤተ ሰብ ሲሄድ ሲሄድ የማይደርስ፣ ባለ መሬቱ ደግሞ ተቀምጦ የሚያዝዝ መሆኑ ገባኝ። ፊልሙ የዘገየው ሠሪው መቁረጥ ስላላወቀ አይደለም። የጭሰኛ ቀን የሚረዝመው ያን ያህል ስለሆነ ነው፤ ተመልካቹም ከርዝመቱ ድርሻውን እንዲሸከም ተፈልጓል። ከዚያ ልጅቷ በሕልሟ ሰዎች እንደ በሬ ቀንበር ተጭኖባቸው ሲያርሱ ስታይ፣ በፍጥነት ቢሆን ኖሮ ሊያስቅ የሚችለው ነገር ያስደነግጣል። ከበሬው ጋር ስትራመድ ቆይተሃልና ክብደቱን ታውቀዋለህ።

ይህን በወረቀት ጽፌ ብሰጥ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ፋሲካ አገሬ ስሄድ ፊልሙን በላፕቶፕ ይዤ ሄድሁ። ማታ መብራት አልነበረም፤ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ባትሪው እስካለ ድረስ ለአያቴ አሳየኋቸው። አያቴ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ የሰው መሬት ያርሱ፣ ከምርቱም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ያስገቡ ነበር። እርሳቸው በእኔ አርባ ደቂቃ ላይ አልሰለቹም። እርፉን የያዘውን ሰውዬ ገና እንዳዩ «ይህስ አራሽ ነው» አሉ። ፊልሙ በእውነተኛ ገበሬዎች የተሠራ መሆኑን አልነገርኋቸውም ነበር። «በምን አወቁ አባባ?» ብላቸው «በሬውን ሲያዞር ዓይኑ ከማረሻው አልተነሣም፤ አስመሳይ ቢሆን አንተን ያይህ ነበር» አሉኝ።

ባለ መሬቱ ሲመጣ ግን ዝም አሉ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ልጅቷ ከብቶቹን አድናለሁ ስትል ጎርፍ ሲወስዳት እናቴ ከምድጃው አጠገብ «ውይ!» አለች፤ እርሳቸው ግን ምንም አላሉም። ከቆይታ በኋላ ጥያቄ አመጡ። «ይህ ሲነሣ ጌቶች የት ነበሩ?»

ተዋናይ ነው ልላቸው አፌን ከፈትሁ። «እርሱን አላልሁህም» አሉ። «የመሬቱን ጌታ ነው የምልህ። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስበው፣ ይህንን መኪና ተክለው፣ ይህን ሲያሠሩት ማን ፈቀደላቸው?»

በ1966 መሆኑን ነገርኋቸው። «በስንተኛው ወር?» አሉ። ወሩን ለይቼ አላወቅሁም ነበር። አያቴ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩ፤ በዚያ ዓመት እርሳቸው እህል ያስገቡበትን ወር እያሰቡ እንደ ነበር በኋላ ነገሩኝ። ከዚያ አራሹ በሬዎቹን የሚያዞርበትን ቦታ እንድመልስላቸው ጠየቁኝ። ባትሪው ዘጠኝ በመቶ ነበር የቀረው፤ መለስሁት።