አምፕሊፋየራችን ለምን ሬዲዮ ያወራ ነበር?

በዛሬው የሳይንስ አምድ የማቀርብላችሁ ስለ ክበባችን ድምፅ ማጉያ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማስታወቂያ ሲነበብ ከሥሩ ሌላ ሰው በቀስታ ሲያወራ ሰምታችኋል አይደል? የሁለተኛ ክፍል ልጆች «ሰይጣን አለበት» ብለዋል። ሰይጣን ሳይሆን ሬዲዮ ነው። ካልተስተካከለ ለወላጆች በዓል ሞንታርቦ በኪራይ ሊመጣ ነበር፤ ያጠራቀምነው የክበብ ገንዘብም በአንድ ቀን ሊያልቅ።

ማጉያውን የሠራነው ኤልኤም 386 በምትባል ስምንት እግር ባላት ቺፕ ነው። በ9 ቮልት ባትሪ ትሠራለች። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ነው። ቺፗ ግን እስከ 300,000 ድረስ ታጎላለች! በር በሰፊው ሲከፈት የተጠራውም ያልተጠራውም ይገባል።

የማይካችን ሽቦ ረጅም ስለሆነ አንቴና ይሆናል። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ግን ከ531,000 ነው የሚጀምረው፣ ማለትም ከ300,000 በላይ። ታዲያ እንዴት ተሰማ? እኔን ግራ ያጋባኝ ይሄ ነበር። ቺፗ ሞገዱን ራሱን በደንብ ባታጎላውም፣ መግቢያዋ ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች በሞገዱ ላይ የተጫነውን ንግግር ለይተው ያወጡታል። ንግግሩ ደግሞ በጆሯችን ልክ ስለሆነ ደስ ብሏት ታጎላዋለች። ስለዚህ ሞገዱን ማስቆም ያለብን ቺፗ ውስጥ ሳይገባ ነው። በስፒከሩ በኩል ብንታገል ዋጋ የለውም።

ወደ ሦስተኛው እግር በሚሄደው ሽቦ መሀል 10,000 ኦም ሬዚስተር አስገባን፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ነው። ከዚያው እግር ወደ ኔጌቲቭ ደግሞ 102 የተጻፈበት ትንሽ ካፓሲተር፣ ማለትም 1 ናኖ ፋራድ፣ በየድን። ካፓሲተር ቀስ ብሎ ለሚርገበገብ መንገድ አይሰጥም፣ ለፈጣኑ ግን ይከፍታል። ሬዲዮው ወደ ቺፗ መግባቱን ትቶ በእሱ በኩል ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል። መቀነስ የሚጀምርበትን ለማወቅ ኦሙን በፋራዱና በ6.28 አባዝታችሁ 1ን ለውጤቱ አካፍሉ። የእኛ 16,000 ገደማ መጣ። 531,000 ላይ ከሠላሳ አንድ እጅ እንኳ አያልፍም። ሬዲዮው ጠፋ!

ለሙከራ ብለን 103 የተጻፈበትን ቀየርንበት። አሥር እጥፍ ስለሆነ መቀነስ የጀመረው ከ1,600 ነው። አንባቢዋ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምታወራ መሰለች፤ «ሠራ» ትበል «ፈራ» መለየት አቃተን። «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ድምፅ በጣም ፈጣን የሆነው ክፍል ነውና እሱ ተቆርጧል። ወዲያው 102ን መለስን።

ሞባይል ሊጠራ ሲል የሚሰማው «ድርርር ድርርር» ግን አልጠፋም። የእሱ ሞገድ በመቶ ሚሊዮኖች ስለሚቆጠር የእኛ ካፓሲተር አይችለውም። መምህራን፣ ሰልፍ ላይ ስልካችሁን ከማይኩ ጠረጴዛ ራቅ አድርጉልን።