የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ስለ ማንበብ

 

ወንድሜ ሆይ! የንግድ መዝገብህን ስትመረምር ትርፉን ብቻ አንብበህ ኪሳራውን ብታልፈው፣ መዝገቡ ራስህን ያታልልሃል። የሰዎችንም ታሪክ ማንበብ እንዲሁ ነው። ብዙ አባት ለልጆቹ የሚተርክላቸው የደጋጎችን ድልና ክብር ብቻ ነው። ልጁም ሰምቶ ያደንቃል፤ ነገር ግን «እነዚያ ሌላ ፍጥረት ነበሩ» ብሎ በልቡ ይተወዋል። ስለዚህ ኪሳራውም የተጻፈበትን ታሪክ ፈልግ።

ኢማም አቡ ሐኒፋ (በ150 ዓመተ ሂጅራ፣ በ767 እ.ኤ.አ. ያረፉት) የፊቅህ ሊቅ ብቻ ሳይሆኑ በኩፋ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ ስለ ባግዳድ በጻፉት ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገኘው፣ ኢማሙ ለሸሪካቸው ለሐፍስ ዕቃ ላኩና ከልብሶቹ አንዱ ነውር እንዳለበት፣ ሲሸጠውም ለገዢው እንዲገልጥ አዘዙት። ሐፍስ ግን ረስቶ ሸጠው፤ ገዢውም ማን እንደ ነበረ አላወቀም። ኢማሙ ይህን በሰሙ ጊዜ የዚያን ዕቃ ዋጋ በሙሉ ሰደቃ አድርገው ሰጡት። የነውረኛውን ልብስ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሁሉንም ነው እንጂ። ሱቅህ ውስጥ ተቀምጠህ ይህን ስታነብ ዐይንህ ወደ ገዛ መደርደሪያህ ሳይመለስ አይቀርም።

ሰው ስለ ራሱ የጻፈው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ኢማም አል-ገዛሊ በ484 ዓመተ ሂጅራ (1091 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ተሾሙ፤ 300 ያህል ደረሶችም ያስተምሩ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ክብር በዘመኑ ለአንድ ዓሊም ይገኛል ተብሎ አይታሰብም። እርሳቸው ግን «አል-ሙንቂዝ» በተባለው መጽሐፋቸው ኒያቸውን በመረመሩ ጊዜ ለአላህ ብቻ ሆኖ እንዳላገኙት፣ ዝናና ስም መፈለግ እንደ ተቀላቀለበት ይናዘዛሉ። ከረጀብ 488 (1095 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስድስት ወር ያህል በመሄድና በመቅረት መካከል ሲዋልሉ ቆዩ። በመጨረሻ አንደበታቸው ተዘጋ፤ ማስተማር ቀርቶ ምግብም አልወርድላቸው አለ። ሐኪሞችም ሕመሙ ከልብ የመጣ ነው ብለው ተስፋ ቈረጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም አልደበቁም። ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው ለሰው ሲያስታውቁ በልባቸው ያሰቡት ግን ሻምን ነበር፤ ኸሊፋውና ወዳጆቻቸው እንዳያስቀሯቸው ፈርተው ነው። ለራሳቸውና ለልጆቻቸው የሚበቃውን ያህል አስቀርተው የቀረውን ገንዘብ አከፋፈሉ። እንደ እኔ ግምት፣ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ የመካውን ነገር በዝምታ ባለፈው ነበር። በኋላም ወደ ሀገራቸው የመለሳቸው የልጆቻቸው ጥሪ መሆኑን ይነግሩናል። በ499 (1106 እ.ኤ.አ.) በኒሻፑር እንደ ገና ለማስተማር ተቀመጡ፤ ነገር ግን የፊተኛው ትምህርታቸው ክብር የሚያስገኝ፣ የኋለኛው ክብርን የሚያስተው እንደ ሆነ ለይተው ጻፉ።

አንባቢ ሆይ! መጽሐፍ ስትመርጥ ጸሐፊው የሚያውቀውን ከሚያወራው የሚለይ መሆኑን ተመልከት። በደማስቆ ቃዲ የነበሩት ኢብን ኸሊካን (በ681፣ በ1282 እ.ኤ.አ. ያረፉት) ከ800 በላይ የሆኑ ሰዎችን ታሪክ ሲሰበስቡ፣ የሞተበት ዓመት የታወቀውን መርጠው መጻፍን ደንባቸው አደረጉ። ሸቀጥን ሳይመዝን እንደማይቀበል ነጋዴ ማለት ነው።

አል-ገዛሊ በተጨነቁበት በዚያው በ488 ዓመት፣ በሻም ምድር በሸይዘር ምሽግ ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ሲደርስ ያዩትን ሁሉ በመጽሐፍ አስጻፉ። ከዚያ ውስጥ አንዱ ታሪክ ይህ ነው፦ ቤተ ሰባቸው ከግብጽ በባሕር ሲመጣ፣ የፈረንጆች ንጉሥ የደኅንነት ቃል ሰጥቶ ሳለ፣ ሰዎቹ በአካ አጠገብ መርከቢቱን ሰብረው ንብረቱን ዘረፉ። ልጆቻቸውና የወንድማቸው ልጆች፣ ሴቶቹም በሕይወት ስለ ደረሱ የገንዘቡ ጥፋት ቀለላቸው። ከተዘረፈው ውስጥ ግን 4,000 ቅጽ መጻሕፍት ነበሩ፤ የእነዚያ ኀዘን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ከልባቸው እንዳልወጣ ያ አዛውንት ይናገራሉ።