ፊስቱላ፤ ለኩላሊት በሽተኛ በክንድ ላይ ስለሚሠራ የደም መንገድ

ደም ቅዳ ደምን ከልብ ወደ አካላት እንደሚያደርስ፥ ደም መልስም ወደ ልብ እንደሚመልሰው ሁላችን ተምረናል። በሁለቱ መካከል እጅግ የቀጠኑ የደም ሥሮች አሉ። ሐኪም እነዚህን ዘልሎ ደም ቅዳውን በቀጥታ ከደም መልሱ ጋር ቢሰፋውስ? የዚህ ጽሑፍ ነገር ይኸው ነው።

ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመበት ሰው ደሙ በመኪና ይታጠብለታል። ይህን መኪና ሠርተው በ1935 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሽተኛ ያጠቡበት ዶክተር ቪለም ኮልፍ ናቸው። ዳሩ ግን ችግሩ ከመኪናው ይልቅ በክንዱ ላይ ነበር። መኪናው በየደቂቃው አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ያህል፥ ማለት 300 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ደም ይፈልጋል፤ እጥበቱም 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደም መልስ ለመርፌ ቅርብ ነው፤ ፍሰቱ ግን ዝግተኛ ነው። ደም ቅዳ ኀይለኛ ነው፤ ነገር ግን በጥልቅ የተቀበረ ስለሆነ ደጋግሞ ለመውጋት አይመችም። ስለዚህ በየእጥበቱ ሌላ ሥር እየተከፈተ፥ የበሽተኛው ሥር ያልቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ ዶክተር ስክሪብነር በክንድ ላይ የሚቀር የቴፍሎን ቱቦ አበጁ፤ ቱቦው ግን ይደፈናል፥ ያመረቅዛልም።

በ1957 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከዶክተር ብሬሻና ከዶክተር ቺሚኖ ጋር ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም አፔል፥ በእጅ አንጓ አጠገብ ሁለቱን ሥሮች ሰፍተው አገናኙ። የጋይንት ገበሬ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የወንዝ ውሃ በጠባብ ቦይ ቢለቀቅ ቦዩን ያሰፋዋል። ቦይ ይሸረሸራል፤ ደም መልስ ግን እየሰፋ ግድግዳው ይወፍራል። ከዚያ በኋላ ሁለት መርፌ ይገባበታል፤ አንዱ ደሙን ይወስዳል፥ ሌላው የታጠበውን ይመልሳል። ስሙም ፊስቱላ ነው። እኛ ፊስቱላ ስንል የምናስበው በወሊድ ጊዜ እናቶችን የሚያገኘውን ጉዳት ነው፤ ቃሉ ግን በላቲን ቧንቧ ማለት ነው። ያኛውን ሐኪም ይደፍነዋል፥ ይህኛውን ሐኪም ይከፍተዋል።

በባሕር ዳር የሚታጠቡት አጎቴ ክንዳቸውን አስነክተውኛል፤ ንብ የሞላበትን ቀፎ እንደ መንካት ይነዝራል። ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ይዳስሱታል። ንዝረቱ ከጠፋ ደሙ ረግቷል ማለት ስለሆነ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የጊዜው ነገር ነው። የተሰፋው ሥር ለመርፌ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ይወስዳል። ሰው ግን እግሩ አብጦ፥ ትንፋሹ አጥሮ ካልሆነ ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን አልፎ አይሄድም። ያን ጊዜ መጠበቅ ስለማይቻል በአንገቱ በኩል ቱቦ ይገባለታል፤ ይህም ጀርም ወደ ደም የሚገባበት በር ነው። ስለዚህ በስኳር ወይም በደም ግፊት ምክንያት ኩላሊትህ እየደከመ ነው የተባለ ሰው፥ ገና በእግሩ ሲሄድ ስለ ክንዱ ሐኪሙን ይጠይቅ። ደም ሲቀዳለትና ግሉኮስ ሲሰጠውም ከክንዱ ይልቅ በእጁ ጀርባ ላይ እንዲሆን ይለምን፤ የተበላሸ ሥር ለፊስቱላ አይሆንም።

በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት መተካት ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተችሏል፤ ነገር ግን የሚሰጥ ዘመድ እስኪገኝ ድረስ በሽተኛው የሚኖረው በመኪናው ነው። ሐኪሞች ሲቻል ብዙ የማይሠራበትን ክንድ ይመርጣሉ። የገበሬ ግን አንዱ እጅ እርፍ፥ ሌላው ጅራፍ ይይዛልና የትኛው ሥራ ፈት ይባላል? አጎቴ የግራውን ሰጥተዋል። በዚያ ክንድ ከባድ ሸክም አያነሡም፥ ሰዓት አያስሩም፤ የደም ግፊት ሲለኩም የሚዘረጉት ቀኛቸውን ነው።