«ዲስትሮት»ን በቦታው ለማዋል

እንግሊዝኛ የሐዘን ቅጽል አያጣም። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ዜና የሚተረጉም ወይም ሆስፒታል የሚያስተረጉም አማርኛ ተናጋሪ ግን «ሳድ»ን ይዞ መቅረት ይቀናዋል። ከዚያ ወጣ ሲል ደግሞ መዝገበ ቃላት «በጣም ያዘነ» ብሎ የፈታለትን ቃል ሁሉ እያቀያየረ ይደረድራል። «ዲስትሮት» በዚህ መንገድ ከሚበላሹት አንዱ ነው።

መጀመሪያ ስሜቱን በአማርኛ ይያዙት። «ያዘነ» አይበቃውም፤ ዲስትሮት የሚይዘው የሚጨብጠው የጠፋው ሰው ነው። ልጇ ገበያ መሐል የጠፋችባት እናት ነጠላዋ መሬት ሲጎተት ሳይታወቃት፣ ያንኑ ሱቅ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ መልሱን ግን ቆማ አትሰማም። እሷ ዲስትሮት ናት። ከዓመታት በኋላ የሟች ባሏን ፎቶ እያየች ዝም የምትል ሴት ግን ሐዘኗ ቢጠልቅም በዚህ ቃል አትገለጽም። አቋራጩ ይኸውልዎት፦ ከመጻፍዎ በፊት ሰውየው በእጁ ምን ያደርግ እንደነበር ይጠይቁ። እጁ አርፎ ከተቀመጠ ሌላ ቃል ይፈልጉ።

ቃሉ ለሰው ብቻ ነው፤ ለወሬው ወይም ለታሪኩ «ዲስትረሲንግ» ወይም «ሃሮዊንግ» ይበሉ።

አሁን ሰው የሚወድቅበት ቦታ ደረሰ፤ ቀስ ይበሉ። «ዲስትሮት» እና «ዲስትራክትድ» ወደ አንድ የላቲን ግንድ ይመለሳሉ፤ ግንዱም ወዲያና ወዲህ መጎተት ማለት ነው። ዛሬ ግን ተለያይተዋል። አባቱ የሞተበት ሠራተኛ ለአለቃው «በአባቴ ሞት ዲስትራክትድ ነበርኩ» ብሎ ቢጽፍ፣ አለቃው የሚረዳው ልቡ ሥራው ላይ እንዳልነበረ ብቻ ነው። ሐዘኑ እንደ ስንፍና ተነበበ ማለት ነው።

«ዲፕረስድ» ደግሞ ይብሳል። በተራ ወሬ መሐል ጉዳት የለውም፤ ሐኪም ፊት ግን የበሽታ ስም ይሆናል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው ዲኤስኤም ፋይቭ ድባቴ ለማለት ምልክቶቹ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲቆዩ ይጠይቃል። ትናንት መርዶ የሰማ ሰው «አንጀቴ አረረ» ሲል አስተርጓሚው «ዲፕረስድ» ብሎ ካለፈ፣ በሽተኛው ያላለው ነገር መዝገቡ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት በአማርኛ አገልግሎት በሚሰጥባቸው ቢሮዎችም ጥንቃቄው ያው ነው። እባክዎ፣ ባለጉዳዩ ያላለውን በሽታ አይጨምሩለት! የተናገረውን ስሜት በልኩ ያስተላልፉ፤ ግር ካለዎት መልሰው ይጠይቁት።

መስተዋድዱ ቀላል ነው፤ ከደረሰው ነገር በፊት «ኦቨር»፣ ከስሜቱ በፊት «ዊዝ» ይግባ፦ ዲስትሮት ኦቨር ዘ ሎስ፣ ዲስትሮት ዊዝ ግሪፍ።

ማጉላት ካስፈለገ «ቬሪ» ስሕተት አይደለም፤ «አብሶሉትሊ» ግን ይሻላል፣ ቃሉ ራሱ ጫፍ ላይ ያለ ነውና። ዜና ጸሐፊዎች «ቪዚብሊ ዲስትሮት» ማለት ይወዳሉ፤ ምክንያት አላቸው፣ ዘጋቢው የሰውን ልብ አላየም፣ ፊቱን ግን አይቷል። ለፍርድ ቤት ቃል ወይም ለምስክርነት ይህንኑ ይምረጡ።

ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ አእምሮን መሳትንም ይጨምር ነበር። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ባመጡት «ሮሚዮና ዡልዬት» የምናውቃት ልጅ፣ በሼክስፒር እንግሊዝኛ መድኃኒቱን ልትጠጣ ስትል መቃብር ውስጥ ነቅታ እንዳታብድ የምትሰጋው በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ አውቶቡስ ላመለጠው ወይም ፈተና ላይ ሁለት ነጥብ ለጎደለው ሰው አያባክኑት፤ ለእሱ «አፕሴት» ይበቃዋል።

ሲያነቡት ከመጨረሻው ቲ በፊት ያሉት ጂ እና ኤች ድምፅ የላቸውም፤ ኃይሉን «ትሮት» ላይ ያሳርፉ።