መስመር ሲጠፋ የማይቆም የጋራ ኮድ

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ከዚያ በፊት፣ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላስታ ሲደርስ፣ ላሊበላ መብራትም ስልክም አጥታ ነበር። እዚህ ላሊበላ ተቀምጦ ከሌሎች ጋር ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚያቅደው መስመሩ ነገ ላይኖር ይችላል ብሎ ነው። ደግነቱ ክፍት ኮድ የሚሠራው ዓለም አብዛኛው የሚጠቀምበት ጊት ከጥንቱም ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ይመቻል።

ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሊኑክስ ከርነል ሠራተኞች ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር በነፃ መሰጠቱ ሲቋረጥ። እንደ ሰብቨርዥን ባሉት በቀደሙት መሣሪያዎች የኮዱ ታሪክ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ፣ ከሰርቨሩ ጋር ሳይገናኙ ኮሚት ማድረግ አይቻልም። በጊት ግን ሪፖውን ክሎን ያደረገ ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል። ኮሚት፣ ብራንች፣ ሎግ፣ ዲፍ፣ መርጅ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ያልቃሉ፤ ኢንተርኔት የሚጠይቁት ከሰርቨር ጋር የሚደረጉት ክሎን፣ ፌች፣ ፑልና ፑሽ ናቸው። ጊትንና ሪፖዎች በኢንተርኔት የሚቀመጡበትን ጊትሃብን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ዋይፋይ ሲጠፋ ላፕቶፑን ይዘጋል። መዝጋት የለበትም።

የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ክሎን ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደ አዲስ ይጀምራል። ለምሳሌ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ ኪቦርድ የሚገኝበት የኪይማን ሪፖ የብዙ ቋንቋዎችን ኪቦርዶች አንድ ላይ ስለያዘ ከባድ ነው፤ በሞባይል ዳታ ሙሉውን ለማውረድ አትታገሉ። ክሎን ስታደርጉ «ዴፕዝ 1» የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። የመጨረሻውን ይዞታ ብቻ ያወርድላችኋል፤ የቀረውን ታሪክ መስመር ሲሻል በ«ዲፕን» እየቆራረሳችሁ ማምጣት ትችላላችሁ።

ሌላም መንገድ አለ። ወልድያ ወይም አዲስ አበባ ጥሩ መስመር ያለው ባልደረባ ካላችሁ «ጊት ባንድል» በሚለው ትእዛዝ ሪፖውን በአንድ ፋይል ይጠቅልለው። ፋይሉ በፍላሽ፣ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ በሚመጣ መንገደኛ እጅ፣ ይደርሳችኋል፤ ከፋይሉም ልክ ከሰርቨር እንደምታደርጉት ክሎን ታደርጋላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚመላለሰው ባንድል አዲሶቹን ኮሚቶች ብቻ ቢይዝ ይበቃል፤ ከመቀበላችሁ በፊት በ«ቬሪፋይ» ፈትሹት፣ የሚቀጥልበት ኮሚት እናንተ ዘንድ መኖሩን ይነግራችኋል። የእናንተንም ሥራ በዚያው ፍላሽ መልሱ። ባልደረባችሁ ፑሽ ቢያደርግላችሁም ኮሚቱ ላይ የሚቀረው ስም የእናንተው ነው።

አሁን ወደ ኮሚቱ። የላሊበላ ሆቴሎች ለገና ክፍል የሚያስይዙበት ክፍት ኮድ ፕሮግራም አለ እንበል፤ ኮዱም ገናን ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ያደርገዋል። ባሕረ ሐሳብ የቀመሰ የላስታ ተማሪ ስህተቱን ወዲያው ያየዋል፦ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው፣ የተሸኘው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለነበረው። 2016 እንዲያ ነበር። ይህን ለማረም አንድ ብራንች ክፈቱ፣ አንድ ኮሚት አድርጉ። እግረ መንገዳችሁን የገጹን ቀለም አትቀይሩ፤ ሌላ ሰው በ«ሀ» የጻፈውንም ወደ «ሐ» አትለውጡ። የፊደል ክርክሩ የራሱ ቦታ አለው፤ እዚህ ከገባ ግን የሁለት መስመር እርማት የሁለት መቶ መስመር ዲፍ ይሆንና የሚገመግመው ሰው ገና ሲያየው ይደክመዋል።

መልእክቱን «አስተካከልኩ» ብላችሁ አትለፉት። ርዕሱ «ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንዲውል» ይሁን። ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ምክንያቱ፦ «ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪ ከሌለው ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ ኮዱ ይህን ሳያይ ሁልጊዜ 29 ይመልስ ነበር።» የፕሮጀክቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉት። ናይሮቢ ወይም በርሊን ያለው ገምጋሚ ዘመነ ሉቃስን አያውቅምና 2015ን 29፣ 2016ን 28 ብሎ የሚፈትሽ ቴስት አብራችሁ ላኩለት። አምኖ የሚቀበላችሁ በቴስቱ ነው።

ከረጅም መቋረጥ በኋላ መስመር ስታገኙ ዋናው ብራንች ርቆ ሄዷል። በላዩ ፑሽ ልታደርጉ ብትሞክሩ ጊት ይመልሳችኋል፤ ያን ጊዜ «ፎርስ» የምትለው ቃል ትፈትናለች። የጋራ ብራንች ላይ አትጠቀሙባት፣ የሌሎችን ኮሚት ከሰርቨሩ ብራንች ላይ ታወጣለች። መጀመሪያ ፌች አድርጉ። ከዚያ መስመሩ ተመልሶ ቢጠፋም ግድ የለም፤ ሎጉንና ዲፉን ተረጋግታችሁ አንብቡ፣ መርጁንም እዚያው ሞክሩ። ኮንፍሊክት ከመጣ ጊት ሁለቱን ጽሑፎች ከላይና ከታች ያስቀምጣቸዋል። የራሳችሁን ብቻ አስቀርታችሁ አትለፉ። ምናልባት ሌላው ሰው 29ን ጨርሶ አውጥቶ ቀኑን በካሌንደር ላይብረሪ ተክቶታል፤ ያ ከሆነ የእናንተ እርማት ሥራው አልቋል፣ ጣሉት፤ ቴስታችሁን ግን አስቀሩት።

ፋይሎቹን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡ። አማርኛ የፋይል ስም በጊት ውስጥ የቁጥር ድርድር ሆኖ ከታያችሁ ፋይሉ አልተበላሸም፤ «ኮትፓዝ» የሚለውን ማስተካከያ አጥፉት፣ ፊደሉ ይመለሳል። ጊትሃብ ከነሐሴ 2013 ወዲህ ለፑሽ የአካውንት የይለፍ ቃል አይቀበልም፤ ቶክን ወይም ኤስኤስኤች ቁልፍ መስመር ሳለ አዘጋጁ። ቁልፉ በስህተት ኮሚት ውስጥ ገብቶ ፑሽ ከተደረገ በሚቀጥለው ኮሚት ማጥፋት አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። ወዲያው ሰርዙትና ሌላ አውጡ።

ሁሉም ሪፖ ደግሞ እያንዳንዱን ለውጥ በፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ለውጣችሁ ወደ ዋናው ብራንች እንዲገባ በምታቀርቡት ጥያቄ፣ አይቀበልም። ስልኮችና ኮምፒዩተሮች የወራትና የቀናት ስም በአማርኛ የሚያሳዩበት የዩኒኮድ ሲኤልዲአር ጊትሃብ ላይ ይገኛል፤ የቋንቋ መረጃውን የሚሰበስበው ግን ሰርቬይ ቱል በተባለ በሌላ መሣሪያ ነው። የአማርኛውን ፋይል በቀጥታ ለማረም ሌሊቱን ሙሉ የደከመ ሰው ድካሙ መና ሊቀር ይችላል። አብዛኛው ፕሮጀክት አስተዋጽኦ እንዴት እንደሚቀበል የሚያስረዳ ፋይል ሪፖው ውስጥ ያስቀምጣል። ከክሎኑ ጋር አብሮ ስለሚወርድ መስመር በሌለበት ማታም ይነበባል።